የአባባ የኑግ ዘይት

አባቴ ከተቀበሩ ወዲህ ጠዋት ሲመጣ ይጨንቀኛል። ጠዋት ጠዋት ልጄን የኑግ ዘይት የሚቀቡልኝ እሳቸው ነበሩ።

ልጄ ሲያስል ያድራል። ግንባሩን ስስመው ጨው ጨው ይላል፤ ምንም ያህል ቢበላ ሥጋ አይዝም። ጅማ ያየው ሐኪም «የሚበላው ቅባት ደሙ ውስጥ አይገባም» ሲለን እኔ አለቀስኩ። አባቴ ግን በማግስቱ ሰርቦ ገበያ ወርደው አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ይዘው መጡ። ኬላ ላይ አብዮት ጠባቂዎቹ ቤንዚን መስሏቸው አስከፍተው አሽትተውታል።

«በአፉ እምቢ ካለ በቆዳው ይገባል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ዘይቱን በመዳፋቸው እያሞቁ ደረቱንና ጀርባውን ያሹት ነበር። ሁልጊዜም «ቢስሚላህ፣ ይግባ» ይሉ ነበር። መግባቱን ማናችንም አናውቅም ነበር፤ እኔ ግን ድምፃቸውን ስሰማ ልቤ ይረጋ ነበር።

ዛሬ ጠርሙሱን እኔ አነሳሁ። ልጄ ሸሚዙን ገልጦ ወደ በሩ ያያል። ደረቱን ማሸት ስጀምር፣

«እማ፣ ‘ይግባ’ አላልሽም እኮ» አለኝ።

«ቢስሚላህ፣ ይግባ።»

እጄ ተንቀጠቀጠ። ፍርሃቴን እንዳያውቅብኝ ቶሎ ላነሳው ስል ያዘኝ።

«ተይው እማ። የአባባም እጅ እንደዚህ ይንቀጠቀጥ ነበር።»