ቤልጅጉን ማን ወለወለው?

ባለፈው እሁድ የወንድሜ የልጅ ልጅ ጎንበስ ብሎ ሲስመኝ ከእጁ የጠመንጃ ዘይት ሸተተኝ። ቀጭን ሽታ ነው፤ ጥቂት ጣፋጭነት አለው። እጅን ሁለት ጊዜ በሳሙና ቢታጠቡትም አይለቅም። ልጁ በሸኮ በኩል ደን ጠባቂ ሆኖ ተቀጥሯል። መሣሪያ ከተሰጠው ገና ጥቂት ወሩ ነው። አማን ካለው ቤቴ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። በሳጥን የተደረደረ ዕቃ ነበር፦ ተገጣጥሞ የሚረዝም ዘንግ፣ ብሩሽ፣ በልክ የተቆረጠ ጨርቅ፣ የዘይት ብልቃጥ።

«እማማ፣ የጠመንጃ መወልወያ ነው። ልግዛው ወይስ ገንዘብ መጣል ነው?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ራሱ ሳቀ። «ለካ እርስዎ አይጠየቁም! የቅድመ አያቴን ቤልጅግ ጠመንጃ ያፈነዱት እርስዎ ነዎት አሉ።»

አብረውኝ የተቀመጡት ጎረቤቶችም ሳቁ። እኔም ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል። «ሳጥኑ ይቅርብህ» አልኩት። «ጠንካራ ገመድና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃሃል። ዘንግ ካማረህ የናስ ይሁን፤ ብረት እንዳትገዛ። ደግሞ ከኋላ አስገባው እንጂ በአፈሙዙ በኩል እንዳትጀምር።» ልጁ አፉን ከፍቶ አየኝ።

ከሄደ በኋላ ግን ንዴቱ መጣ። ይኸው ዛሬም አልሄደም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እየወረደ ነው፣ በመንገዱ ባጃጅ ይጮኻል፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ በሞቱ ሰዎች ተናድጄ ተቀምጫለሁ። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

አባቴ ከሸኮ ወጣ ብሎ የቡና ማሳ ነበረው። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና፣ ከጎኑ በቆሎ፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰት። ከርከሮና ዝንጀሮ ስለማያስቀምጡን አንድ ቤልጅግ ጠመንጃ ይዞ ነበር። የአገራችንን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብረት ይበላል። ማታ ንጹሕ ሆኖ የገባ ማጭድ ጠዋት ቀይ ዱቄት ለብሶ ይገኛል። ጠመንጃም በየሳምንቱ ካልተወለወለ ለሁለተኛ ክረምት አይደርስም።

መወልወል የእኔ ሥራ ነበር። አሥር ዓመት ሲሆነኝ አባቴ እጁን እሾህ ወግቶት አብጦበት፣ ከአጠገቤ ተቀምጦ እያዘዘ አሠራኝ። እጁ ከዳነም በኋላ ሥራውን አልወሰደብኝም።

መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን አያለሁ። ከዚያ መቀርቀሪያውን አውጥቼ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ከኋላ በኩል አፈስበታለሁ፤ ውሃው ጠቁሮ በአፈሙዙ ይወጣል። እናቴ ከእንሰት ቃጫ የገመደችልኝ ረጅም ገመድ ነበረኝ፤ ጫፉ ላይ ከአሮጌ ጥይት የወጣ እርሳስ ታስሮበታል። እርሳሱን ከኋላ ስለቀው በአፈሙዙ ዱብ ይላል። በሌላው ጫፍ የአቡጀዲ ቁራጭ አስሬ፣ ገመዱ የአፈሙዙን ጠርዝ እንዳይፍቀው ቀጥ አድርጌ እስባለሁ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ እደጋግመዋለሁ። በመጨረሻ ከሸኮው ልብስ ሰፊ የማመጣውን የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጌ አሳልፍበታለሁ። ሌላ ምንም አልነበረኝም።

ከዚያ አፈሙዙን ወደ በሩ አዙሬ በኋላው በኩል አያለሁ። ንጹሕ ከሆነ ብርሃኑ ቀለበት በቀለበት ላይ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ከዚያ የሚያምር ነገር በቤታችን አልነበረም። አባቴ ከደጅ ሆኖ «ፀሐይ ገባች?» ይላል፤ የአፈሙዙን ውስጥ ማለቱ ነው። «ገብታለች፣ አባባ» እላለሁ። ይህን ሳልል ጠመንጃው ከምሰሶው ላይ አይሰቀልም።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩ ክረምት ነው። ዘጠነኛ ክፍል የሚማሩት ሚዛን ተፈሪ ነበር፤ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ ቋጥሮ። ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ ትቀመጥ አትቀመጥ ብለው በሰፈሩ ተከራክረው አይጨርሱም። እናቴም ፈራች። ጉዳዩን የቆረጠው አባቴ ነው። «ጠመንጃዬን ያመንኳት ልጅ ራሷን መጠበቅ አያቅታትም» አለ። «መስከረም ላይ እኔው አደርሳታለሁ።» ያን ቃል የሰማሁት በቆሎ እየፈለፈልኩ ነው። ቀና አላልኩም፤ ጣቶቼ ግን ቆሙ።

በዚያው ክረምት ለታላቅ ወንድሜ ሚስት ተጠየቀች። የልጅቷ አባት ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ፣ በአነጣጥሮ ተኳሽነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ሰውን የሚመዝኑት በመሣሪያ አያያዙ ነው ይባላል። ሽማግሌዎቹን በጎ ቃል ሰጥተው መልሰዋቸዋል፤ ነገር ግን ቀን ከመቁረጣቸው በፊት ቤታችንን ሊያዩ በመጪው እሁድ እንደሚመጡ ልከው ነበር። ወንድሜ በሕይወቱ አንድ ቀን ጠመንጃ ወልውሎ አያውቅም። ይህን ሲሰማ ግን ሚዛን ገበያ ልውረድ አለ፤ እኔም ጨው ልገዛ አብሬው ወረድኩ።

ሳጥኑን የገዛው ከጅማ መጥተው ሱቅ ከከፈቱ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነው። የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ቀይ ጨርቅ ለብሷል፤ ዕቃው በየጉድጓዱ ተኝቷል። እውነት ለመናገር ዓይኔ ቀረበት።

ነጋዴው ዘንጉን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ ወላሂ ልምከርህ፤ ይሄ ብረት ነው» አሉት። «በአፈሙዙ በኩል ከሰደድከው ይፍቀዋል። ከኋላ ነው። ጨርቁንም አታወፍረው፤ ውስጡ ይቀርብሃል።»

«ለእኔ ጠመንጃ ያስተምሩኛል?»

«ኧረ የት ችዬ! ለእህትህ ነው የምነግራት፤ እሷ እየሰማች ነው።»

በመንገድ ላይ «ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ከኋላ ነው ያሉት» አልኩት።

«ዝም በይ አንቺ ባለ ቃጫ!» አለኝ። ሸኮ እስክንደርስ ሳጥኑን ለሚያገኘው ሰው ሁሉ እየከፈተ አሳየ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ነው። አባቴ ማሳ ላይ ነበር። ወንድሜ መቀርቀሪያውን ማውጣት አያውቅም፤ እኔን ደግሞ ሊጠይቅ አልወደደም። ከሳጥኑ ወፍራሙን ነጭ ጨርቅ አጥፎ ከዘንጉ ጫፍ አሰረና በአፈሙዙ ከተተው። አልገባ ሲለው በመዳፉ መታው። ብረት ብረትን ሲፍቅ ጥርሴን አሳከከኝ። እየታገለ ሲስበው ዘንጉ ባዶውን ወጣ።

«ጨርቁስ?» አልኩት።

«ወጥቷል።»

«እስቲ ልየው።»

«ያንቺ ሥራ አብቅቷል ተባልሽ። ሂጂ እንጨትሽን ልቀሚ!»

የጠመንጃውን ላይ በዘይት አብለጭልጮ ሰቀለው። አባቴ ሲመለስ የሚያብረቀርቀውን ብረት አይቶ «እሰየው» አለ። ያን ቀን «ፀሐይ ገባች?» ብሎ አልጠየቀም። እኔም አውርጄ አላየሁም። ማየት ነበረብኝ። ይህን አልክድም፤ የእኔ ድርሻ ይቺ ናት፤ እስከ ዛሬም ተሸክሜያታለሁ። ከዚህ በላይ ያለው ግን የእኔ አይደለም።

እሁድ እንግዶቹ ወንዙን ተሻግረው መጡ። ከአጥራችን ሲደርሱ አባቴ ለክብራቸው አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ሊተኩስ ቤልጅጉን ይዞ ወጣ። ድምፁ የምናውቀው ድምፅ አልነበረም። ከባድ ነበር፤ የታፈነ። ጭሱ ሲገለጥ አባቴ ጉንጩን ይዞ ቆሟል፤ በጣቶቹ መካከል ደም ይወርዳል። አፈሙዙ እንቁራሪት እንደ ዋጠ እባብ አብጦ ጫፉ ተሰንጥቋል። ዶሮዎቹ ከእንሰቱ ሥር ገብተው ይጮኻሉ።

የልጅቷ አባት ቀረብ ብለው አፈሙዙን አዩ። «ውስጡ የቀረ ነገር ነበር» አሉ። «ማነው የወለወለው?»

አባቴ ጣቱን በስንጥቁ አስገብቶ አንድ ነገር ጎትቶ አወጣ። ከሁለት እርምጃ ርቀት አየሁት። ዳሩ በማሽን የተቆረጠ፣ ግማሹ የተቃጠለ ወፍራም ነጭ ጨርቅ ነበር። የእኔ ጨርቅ በእጅ የተቀደደ ስስ አቡጀዲ ነው፤ አባቴ ለዓመታት በየሳምንቱ አይቶታል። ወንድሜን አየው። ወንድሜ መሬት መሬት አየ። ከዚያ አባቴ መዳፉን ጨብጦ እጁን በኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

«ይህቺ ልጅ ናት» አለ፤ ወደ እኔ በአገጩ እያመለከተ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሴት ልጅ ማመኔ።»

የልጅቷ አባት ሳቁ። «ወንድሜ፣ ለሴት ሙቀጫ እንጂ ቤልጅግ ይሰጧል?»

ሁሉም ሳቀ። እናቴም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ እሷም ቅዳሜ ደጃፉ ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ በዓይኗ አይታለች። ወንድሜ ብቻ አልሳቀም። አልተናገረምም። እንግዶቹን እጅ ያስታጠብኩት እኔ ነኝ። የልጅቷ አባት እጃቸውን ዘርግተው «ይሄንንስ አታፈነጂብንም?» አሉኝ፤ እንደገና ተሳቀ። የሠርጉ ቀንም ያኔውኑ ተቆረጠ።

እኔ በልቤ፣ እንግዶቹ ሲሄዱ አባባ ይጠራኛል አልኩ። ይጠራኝና «ልጄ፣ ቸገረኝ» ይለኛል። በማግሥቱም ጠበቅሁ። ጉንጩ ደረቀ፤ አልጠራኝም። መስከረም ጠባ፤ አብረውኝ የተፈተኑት ስንቃቸውን ጭነው ወደ ሚዛን ሄዱ። አንድ ቀን ከግድግዳው ጀርባ እናቴ «ልጅቷስ?» ስትለው ሰማሁ።

«እንዴት ብዬ?» አላት። «አማቾቹ ምን ይሉኛል? ጠመንጃ ያላመናትን ልጅ ብቻዋን ከተማ ሰደዳት አይሉም? ነገሩን ሊጠረጥሩ ነው።»

«እውነቱን እኮ ታውቀዋለህ።»

«እና ልጄን ከሠርጉ በፊት መሳቂያ ላድርገው?»

እኔም ልጁ ነበርኩ።

ሁለት ዓመት ቤት ቆየሁ። በወንድሜ ሠርግ ውሃ ቀዳሁ፤ ለሚስቱ ጎመን ቀነጠስኩ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ አማን የምትኖረው አክስቴ መጥታ «ይህቺን ልጅ ለእኔ ስጡኝ» ብላ ወሰደችኝ። ከትንንሾቹ ጋር ተቀምጬ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፤ ሥራም ያዝኩ። ኑሮዬን አላማርርም። ሳጥኑ ምን ሆነ ብትሉኝ፣ ወንድሜ ቤት መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ነበር፤ ጠመንጃ በሌለበት ቤት የጠመንጃ መወልወያ። እንግዳ ሲመጣ ከፍቶ ያሳያል። የቤልጅጉ ታሪክ ሲነሳ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ይሰማል። ልጆቹም ሲስቁ ያድጋሉ። አንድ ቀን እንኳ «ተዉ» ብሎ አያውቅም። እንዲሁ እንደ ዘጋ ሞተ።

እናቴም ቀድማ ሄዳ ነበር። አባቴ ብቻውን ሲቀር የመጣው እኔ ዘንድ ነው። አራት ዓመት አማን አስታመምኩት። አጠብኩት፣ አጎረስኩት፣ ጥፍሩን ቆረጥኩለት። እውነቱን የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ቀርቷል፤ እኔም ጠበቅሁ። ዛሬ ይለኝ ይሆናል እያልኩ ብዙ ጠዋት ቁርሱን አቀረብኩ። ልጠይቀው ተነሥቼ የተቀመጥኩበትም ጊዜ አለ። ከእሱ እንዲመጣ ነበር የፈለግሁት።

አንድ ጠዋት ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መርፌ ልትወጋው መጣች። በዚያን ጊዜ የሰው ስም ይጠፋው ጀምሮ ነበር። ነርሷ ልታጫውተው «እኚህ ማን ናቸው?» አለችው ወደ እኔ እያሳየች።

«እሷማ ልጄ ናት» አላት። ፊቱ በራ። «ቤልጅጌን ያፈነዳችብኝ እሷ ናት እኮ!»

ነርሷ ሳቀች። እኔ ዓይኑን አየሁት። የተደበቀ ነገር ፈለግሁ፤ የጨበጠው መዳፍ፣ የኮቱ ኪስ፣ አንዱ እንኳ ካለ ብዬ። ምንም አልነበረም። አይዋሽም ነበር። ያን እሁድ ለእንግዶቹ የተናገረውን ነገር አምኖታል፤ እውነቱን የሚያስታውስ ሰው ከእኔ በቀር አልቀረም።

ነርሷ ስትሄድ የእጄን አንጓ ያዘኝ። እጁ ቀላል ነበር፤ ደረቅ።

«አታስቢ ልጄ» አለኝ። «ይቅር ብዬሻለሁ። ያኔ ሕፃን ነበርሽ።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ብርድ ልብሱ ተንሸራቶ ትከሻው ተገልጧል፤ ትከሻው የወፍ ያህል ሆኖ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ» አልኩት። ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጌ ሸፈንኩት።