ከአረፋው ሥር

ሰው «ግድብ ሠርተሃል አሉ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ግድብ! ከወገቤ የማይበልጥ የኮንክሪት ግንብ ነው፤ ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የሰፈራ መንደራችን፣ የወንዙን ውሃ ጠልፎ ወደ ማሳ የሚያስገባ። ፎርማኑ እኔ ነበርኩ። የአባቴ ማሽላ ማዶ ስለሆነ፣ ከግንቡ ትንሽ ዝቅ ብሎ ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት ቦታ ሱሪውን ሰብስቦ ይሻገር ነበር። ዋና አያውቅም። ከደጋ መጥተን ከየት እናውቃለን!

የመሐንዲሱ ፕላን ከግንቡ ሥር፣ ውሃው በሚወድቅበት ወለል ላይ፣ ትልልቅ ድንጋይ ይነጠፍ ይላል። እዚህ ሜዳ ላይ ድንጋይ የለም፤ ከተራራው ግርጌ በመኪና ነው የሚመጣው። ለሥራው ብለን ውሃውን ወደ ጎን ስላዞርነው፣ የጥር ፀሐይ የወንዙን ወለል አድርቆታል። ዲጅኖ አንሥቼ መታሁት፤ ነጥሮ ተመለሰ። «ይኸው አለት! ምን ድንጋይ ያስፈልገዋል?» አልኩ። የደረቀ ዋልካ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ቅቤ ይሆናል። እዚሁ ያደግሁ ሰው ይህን አጣሁት? አውቃለሁ እንጂ! ቶሎ ጨርሼ መመስገን አማረኝ። መሐንዲሱም «አንተ ካልክ» ብሎ ፈረመ።

ክረምቱ አለፈ፣ ግንቡም አልተነቃነቀም። ድሮ ውሃው ሲጎድልና ሲሞቅ ዓሣው አየር ፍለጋ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍት ነበር። አሁን ውሃው ከግንቡ ሲወድቅ አየር ይዞ ይጠልቃል፣ ነጭ አረፋ ይሆናል፤ ዓሣው ሁሉ እዚያ ተሰበሰበ። አኝዋው ጎረቤቴ በጦር ሲወጋ ይውላል፣ ለእኛም ይልክልናል። እኔ ደረቴን ነፍቼ፣ «አየህ፣ ወንዙን አስተነፈስኩት!» እለዋለሁ።

አንድ ቀን ጦሩን እንደያዘ ቤቴ መጣ።

«ወንድሜ፣ ጦሬ ታች አይነካም። ድሮ ይነካ ነበር። ጉድጓዱ ወደ መሻገሪያው እየሄደ ነው። ለአባታችን ንገር።»

«ጦርህ አጥሮ ይሆናላ!» ብዬ ሳቅሁበት።

እሱ አልሳቀም። አየሩን ያስገባው ያው ውሃ ሲወድቅ ታቹን እየቆፈረ ነበር፤ አረፋው ደግሞ ጉድጓዱን ሸፍኖታል። ጎረቤቴ ከሄደ በኋላ ነገሩ ገብቶኛል፣ አልዋሽም። ለአባቴ ግን አልነገርኩትም። ብነግረው ያበላሸሁትን ሥራ አመንኩ ማለት ነዋ! እሱም የክረምቱ ውሃ እስኪጎድል በሩቁ ግንድ ድልድይ እየዞረ ስለሚሄድ፣ ጊዜ አለኝ ብዬ ተዘናጋሁ።

በሳምንቱ አባቴ ውሃው ጎደለ ብሎ፣ ማሽላውን ወፍ እንዳይበላበት፣ በለመደው መንገድ ገባ። የሴቶች ጩኸት ሰምቼ ስደርስ አረፋው ላይ ዱላው ብቻ ይሽከረከራል። ጎረቤቴ እየጠለቀ ፈልጎ አወጣው። ትንፋሽ የለውም።

ከቀብሩ በኋላ ጎረቤቴ ወንዙ ዳር አገኘኝ። አልተቆጣኝም። ምነው በሰደበኝ! ጦሩን ሰጠኝና «አሁን አንተ ለካው» አለኝ። አባቴ እግሩን ያስቀድምበት በነበረው ቦታ ተንበርክኬ ጦሩን ሰደድኩ። ክንዴ እስከ ብብቴ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ጦሩ ምንም አልነካም።