በኑግ ፋጉሎ ላይ የተጨመረ ምርቃት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ወይዘሮ አስናቀች እጄን መኖ ጆንያ ውስጥ አስገብቼ እንዳሸት አዘዙኝ። ከቀራንዮ ገባ ብሎ ባለው ጓሯቸው ዶሮ ያረባሉ፤ እኔ የተቀጠርኩት ኩስ ልጠርግ ነው። “ምን ምን ይላል?” አሉኝ። “እህል እህል” አልኩ። “እሱንማ ዶሮዋም ታውቃለች! ሻጋታ ይላል? መድኃኒት ይላል? ዶሮ የምትጥለው ባፏ ነው፣ ልጄ። መጥረጊያው ይደርሳል።”

እሳቸው ቤት በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ አኩሪ አተርና የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን፣ መቀላቀል ተማርኩ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ልኩን በጣሳ ያዝኩት። የነቀዝ ክኒን የገባበትን በቆሎ በጠረኑ ለየሁ። ነቀዝ ጨርሶ ያልነካው በቆሎ ሳይ ዛሬም እጠራጠራለሁ።

ወይዘሮ አስናቀች ሲደክማቸው ዶሮዎቹን ሸጠው ለኔ ጥቂት ቄቦች ሰጡኝ፤ መጣል ያልጀመሩ። በኪራይ ቤቴ ጓሮ በቆርቆሮና በሽቦ ቤት ሠራሁላቸው። ያን ጊዜ ባሌ አርፎ ነበር። የቀረችኝ ልጄ ቃልኪዳን ናት፤ ጠዋት ጠዋት ዶሮ የምታበላውም እሷ።

አንድ የጾም ሰሞን ጎረቤት የሶያ ወጥ አበላቻት። ከንፈሯ አበጠ፣ ደረቷ ሲጥ ሲጥ አለ። ቤቴል ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ መርምሮ “አኩሪ አተር፣ ያው ሶያው፣ አይስማማትም፤ እንዳትቀምስ” አለኝ።

“ዶክተር፣ ዶሮዎቼ የሚበሉት እሱን ነው። እንቁላሉስ?”

“እንቁላሉ ይህን ያህል አያሰጋኝም። ዱቄቱን ከተነፈሰችው ግን እፈራለሁ።”

የዚያኑ ቀን መኖዬን ከቤት አወጣሁ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሁሉ ጠየቅኩ፤ ሶያ የሌለበት አጣሁ። መኖ ሻጩ ሙራድ ሳቀብኝ። “ያለ ሶያ ይጥላሉ እንዴ? እትዬ ጥሩነሽ፣ ዶሮዎቹንም ሊያስጾሟቸው ነው?” “ይጹሙ” አልኩት፤ የልጄን ነገር ግን አልነገርኩትም።

እንግዲህ ራሴ መቀላቀል ሆነ። በአኩሪ አተሩ ፈንታ የኑግ ፋጉሎ ጨመርኩ። መድኃኒት ያልተረጨ ጎመን ከጓሮ፣ የእንቁላል ቅርፊት ቆልቼ ወቅጬ። ዶሮዎቹ መጣል ቀነሱ፤ እንቁላሉም አነሰ። ሻይ ቤት ያላት ደንበኛዬ “ምነው፣ ርግብ ማርባት ጀመርሽ?” አለችኝ። እንቁላሏን ቆጥሬ ሰጠኋት። ልጄ በሰላም ትተነፍሳለች።

እኛ ሰፈር ያለ ምርቃት ግብይት የለም። ሻጭ ሰፍሮ ሲጨርስ አንድ እፍኝ ካልጨመረ ደንበኝነቱ ቀዝቅዟል፤ አልፈልግም ያለ ገዢም ተቀይሟል ይባላል። ሙራድ ዶሮዎቼ መዳከማቸውን ሰምቶ አዝኖልኛል። አንድ ቀን ፋጉሎዬን ሰፍሮልኝ፣ ተሸካሚ ልጠራ ዞር ስል፣ ሁለት ጣሳ ከሌላ ጆንያ ጨመረበት። ስመለስ አፉን እያሰረ ነው። “ምርቃት ጨምሬበታለሁ፣ እትዬ፤ ይጠንክሩልዎት!” አለኝ። ፋጉሎውን መሰለኝ። “ተባረክ” አልኩት።

በማግስቱ ቃልኪዳን ጆንያውን ፈታች። እኔ ውሃቸውን እቀይራለሁ። “እማዬ፣ ፋጉሎው ዛሬ ነጣ ብሏል” አለችኝ። የኑግ ፋጉሎ ጥቁር ነው። ቀና ስል ጣሳውን ገልብጣዋለች፤ አቧራው ፊቷ ላይ ነው።

አንገቷ ቀላ። ያ ሲጥ ሲጥ መጣ። አዝያት ወደ ፌርማታው ሮጥኩ። ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቷል። ረዳቱ “ትርፍ አልጭንም” ሊል ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ቦታውን ለቀቀልን። መንገድ ላይ፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ “እማዬ፣ ውሃቸውን አልሰጠሻቸውም” አለችኝ።

በመርፌና በኦክስጅን ተረፈች። ሐኪሙ “ያሁኑ ከፊተኛው ብሷል። ሦስተኛ እንዳይኖር” አለኝ። 

ሙራድ ሲሰማ ቤት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። “ወላሂ እትዬ፣ እንዲጠነክሩልዎ ብዬ ነው ሶያውን የጨመርኩት።”

“አውቃለሁ” አልኩት። አውቃለሁም። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ከክፉ ሰው መጠንቀቅ አያቅተኝም። በጎ ያሰበልኝን እንዴት አድርጌ ልጠብቅ?

ዶሮዎቹን ለምን አትሸጫቸውም ይሉኛል። ሌላ ሥራ አላውቅም። አሁን የማበላቸው እኔ ነኝ፤ ቃልኪዳን በመስኮት ታየናለች። ልብሴን ሳልቀይር አላቅፋትም። ተኝታም ደረቷ ላይ ጆሮዬን እጥላለሁ። “እማዬ፣ ከበድሽኝ” ትላለች።

መኖ የምገዛው ከዚያው ከሙራድ ነው። ሲሰፍር ዓይኔን አልነቅልም። እጄን አስገብቼ አሸታለሁ፣ የጆንያውን አፍ ራሴ አስራለሁ። ምርቃት ሊጨምር ሲል በመዳፌ እከለክለዋለሁ። ወረፋ የሚጠብቁት “ምን ዓይነቷ ኩሩ ናት!” ይላሉ።

ዶሮ የምትጀምሩ ሁሉ፣ ከጆንያችሁ ያልጠየቃችሁት ነገር አይግባ። በነጻም ቢሆን።