“ማርያምን!” ተብሎ የቀረበልን ስክሪን

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ ወዳጆቼ፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

ዛሬ ቦንጋ ላይ አንድ ነጋዴ የኮምፒውተር ስክሪን ለመሸጥ ሲል በእመቤታችን ስም በሐሰት ማለ። እስካሁን ይቀፈኛል።

የልጅ ልጄ ሰብለ የኮምፒውተር ጌም ትሠራለች። የማንኪራን የቡና ጫካ ቅጠል በቅጠል ስትሥል ከርማ፣ ሥራዋን አጥርቶ የሚያሳያት ስክሪን ልንገዛ ሄድን።

“አባባ፣ ይሄ ሠላሳ ሁለት ኢንች ነው፤ ፎርኬ ነው፣ እጅግ የጠራ፣ ማርያምን!” አለ ነጋዴው።

ሰብለ “ይከፈትና ልየው” ስትል፣ እኔው ሞኙ “ስሟ ተጠርቶ እንዴት ትጠራጠሪያለሽ?” ብዬ ተቆጣኋት።

ሰብለ ግን ሥዕሏን ስክሪኑ ላይ ከፈተች። ብራና ላይ ቀጭን መስመር ስጽፍ ያረጀሁ ነኝና ወዲያው ታየኝ፤ የቅጠሉ ጅማት እንደ ደረጃ ተሰባብሯል። ሴቲንጉ ውስጥ ስትገባ ጥራቱ ከፎርኬ እጅግ ያነሰ ተራ ፉል ኤችዲ ሆኖ ተገኘ። ምስሉ የሚሠራበትን ጥቂት የብርሃን ነጥብ በሰፊ መስታወት ላይ ለጥጠውታል።

ነጋዴው አላፈረም። “ራቅ ብለው ቢያዩት እኮ አይታወቅም!”

“እኔ እኮ አፍንጫዬን አስጠግቼ ነው የምሥለው” አለችው።

ሳንገዛው ስንወጣ ደግሞ ነጋዴው “አባባ፣ ሳይመርቁኝ?” አለኝ።

“መጀመሪያ መሐላህን ለንስሓ አባትህ ተናገር” አልሁት።

ከሌላ ሱቅ ሃያ ሰባት ኢንች የሆነውን፣ ጥራቱ በሁለቱ መካከል ያለውን ቱኬ የሚሉትን፣ ፈትነን ገዛን፤ ጅማቱ እንደ ተሣለ ታየ። ሰብለንም እዚያው ይቅርታ ጠየቅኋት።

እናንተስ፣ በቅዱሳን ስም ምለው የሸጡላችሁ ዕቃ አለ? እስቲ ጻፉልኝ።

እግዚአብሔር ቤታችሁን ከሐሰት መሐላ ይጠብቅ፤ የልጆቻችሁንም ዓይንና እጅ ይባርክ። አሜን።