ማንም የማይረግጠው ሣር

መጀመሪያ ክር መሰለኝ። ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ገብቷል። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲልልኝ በሩን ከፍቼ፣ ደፉ ላይ ተቀምጬ ጥጥ እፈትላለሁ። ዓይኔ እንደ ልማዱ ከእንዝርቱ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ እንዝርቱ ይመላለሳል። ሣሩን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠ አንድ ጥቁር መስመር ተጋድሞ አየሁ። ልጄ ክር ጎትታ የጣለችብኝ መሰለኝና ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። እንደከፈትኩት ቀረ። ክር የመሰለኝ ነገር ዓይኔ እያየ ሰፋ፤ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ሆነ። ከስንጥቁ ወዲህ ያለው መሬት፣ እኔም ቤቴም ያለንበት ወገን፣ ከወዲያኛው ዝቅ ብሏል።

ትንሿ ልጄ ጓዳ ተኝታለች። ትልቋ፣ ሰባት ዓመት ያለፋት፣ መደቡ ላይ ሆና ምስር ትለቅማለች። ባለቤቴ ሥራ ናቸው። ከቤቱ ጀርባ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ወንዙ ሞልቶ ይጮኻል። ልጆቼን ይዤ ካልወጣሁ ቤቱ ከነልጆቼ ወደ ወንዙ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ገባኝ። እንዝርቱን ጣልኩት።

ስለ ሣሩ ሳልናገር ግን ስለዚያ ቀን ብናገር የሚገባው ሰው የለም።

ቤታችን ከአራዳ ገበያ ወደ እሪ በከንቱ ሲወርዱ፣ ከመንገዱ ሥር ነበረ። መንገደኛው ከላይ ይሄዳል፤ እኛ ከታች ነን። በመንገዱና በቤታችን መሐል ሁለት በሬ ቢጠምዱባት የማታዞር ጠባብ ቦታ ነበረችን። ስንገባባት ጭቃና አመድ ነበረች፤ የአላፊ አግዳሚው አህያ ይንከባለልባታል። ባለቤቴ የአንድ ፈረንጅ አትክልተኛ ነበሩ። ፈረንጁ ከቤቱ ፊት ሰፊ ሣር ነበረው፤ ከብት የማይበላው፣ ሰውም ለሽያጭ የማያጭደው። የባለቤቴ ሥራ ያንን ሣር አንድ ዓይነት ቁመት አስይዞ ማሳደር ነበር። አንድ ሐምሌ ላይ፣ ከዳር ተነቅሎ የሚጣለውን ሥር በእርጥብ ጆንያ ይዘው መጡ።

«ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ሣር ነው።»

«ለማን ከብት?»

«ለዓይናችን» አሉና ጆንያውን ዘረገፉት።

እኔ የባላገር ልጅ ነኝ። በአባቴ አገር ሣር ሲያዩ የሚታሰበው ላም ነው፤ ወተቱ ነው፤ የቤት ክዳን ነው። ሣር አማረ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም ባል ያመጣውን መጣል አይቻልም፣ ጎንበስ ብዬ አብሬአቸው ተከልኩ። እየተንፏቀቀ የሚሄድ ሣር ነው፤ አንዱ አንጓ ሌላውን ይወልዳል። ክረምቱ ሲወጣ እዚህም እዚያም የነበረው ተያያዘ። በጋ ሲገባ ልብስ ያጠብኩበትን፣ እህል የለቀለቅኩበትን ውሃ ሁሉ ለእሱ አፈሰስኩ። ጎረቤቶቼ ውሃ ከምንጭ በእንስራ ተሸክሜ መጥቼ ለሣር ሳጠጣ ሲያዩ ሳቃቸውን በነጠላቸው ይሸፍኑ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት የወሎ እስላም ሴትዮ፣ ጨርቅ የሚነግዱ፣ በዕድሜ ከእኔ ከፍ ያሉ ጎረቤት ነበሩኝ። ደጃቸው ላይ ቆመው ቁልቁል ያዩኛል። ፈረንጁ ሣሩን በእጅ በሚገፋ መኪና እንደሚያስላጨው ነገርኳቸው።

«ይላጨዋል? ማን ሞቶበት?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ለማማሩ ነው።»

«እኛ አገር የሚላጭ ሐዘንተኛ ነው። ያንቺንስ ማን ይላጨዋል?»

«እኔው በማጭድ።»

«ወላሂ፣ የሚያስተዛዝነው አገኘ!»

እውነትም እኔው በማጭድ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ ቁጢጥ ብዬ፣ በግራ እጄ እየዳበስኩ፣ የረዘመውን ብቻ እቆርጣለሁ። ቁርጡ ሲሸት ልጅነቴ ይመጣብኝ ነበር፤ የአባቴ መስክ፣ የጥጃው አፍ። ሌላ ጊዜ የማይመጣ ነገር ሁሉ በዚያ ሽታ ይመጣል። አሁንም አንዳንድ ጠዋት ከሰው አጥር ሥር ታጭዶ ሲሸተኝ እግሬ ይቆማል።

በሦስተኛው ዓመት የእኛ ሣር የሰው ወሬ ሆነ። እሑድ ከጊዮርጊስ የሚመለሰው ሰው መንገዱ ላይ ቆም ይልና ቁልቁል ያያል። እኔ ሥራ ያለኝ መስዬ ወጣ እላለሁ፤ ሥራ ግን የለኝም፣ የእኔ መሆኑን እንዲያውቁ ነው። አንድ ቀን የአንድ ትልቅ ሰው አሽከር በቅሎ እየሳበ ወረደ።

«እመቤቴ፣ ጌታዬ እላይ ቤት ግብዣ ናቸው። በቅሎዋ ትንሽ ትጋጥበት።»

«የትኛው ላይ?»

«ይሄ ሣር አይደል?»

«አዎ፤ ግን አይበላም።»

«መርዝ ነው?»

«መርዝስ አይደለም። አይበላም ነው የምልህ።»

በቅሎዋንም እኔንም ተራ በተራ አየንና ሄደ። ማታ ለባለቤቴ ስነግራቸው ደነገጡ፤ የትልቅ ሰው በቅሎ ከለከልሽ? አሉ። ከዚያ ከት ብለው ሳቁ። ያንን ሳቃቸውን እስከዛሬ እወደዋለሁ።

ለዓውደ ዓመት ግን አልሰስትም ነበር። ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለሰርግ ሰው ሁሉ ለጉዝጓዝ ሣር ይፈልጋል፤ ቄጤማ የሚያወርዱት ሴቶች ሳይደርሱ የእኔ ደጅ ሰው ቁና ይዞ ተሰልፏል። ረዝሞ የተከረከመውን እሰጣለሁ፤ ለእትዬ ደግሞ ለመውሊድ። በየቤቱ ገብቼ የእኔ ሣር ወለሉ ላይ ተጎዝጉዞ ሳየው፣ እዚያ ቤት ያለሁበት ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

ሰው ለምን በማይበላ ሣር ይኮራል እያልኩ ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ። የምመልሰው እንዲህ ነው። እኛ አራዳ የገባነው በሰው ጓዝ ተከትለን ነው። ርስት የለን፣ በሬ የለን፣ ቤታችን ውስጥ አንድ አልጋና አንድ ሣጥን፣ ግድግዳው ጭስ የጠጣ። ውስጡን የሚያይ የለም፤ ሣሩን ግን መንገደኛው ሁሉ ያያል። የሚበላ ነገር የማያበቅል ቁራሽ መሬት ያለው ሰው፣ የሚበላ አላጣም ማለት ነው። እንዲህ ብለን በአፋችን አንናገረውም። ሣሩ ይናገርልን ነበር፤ ትንሽም ይዋሽልን ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ሌላ ነገር ነበራቸው። ቀኑን ሙሉ በሰው ሣር ላይ ተንበርክከው ይውላሉ፤ ማታ የሚቆሙበት የራሳቸው ይኑራቸው ብለው ነው።

ቆሙበት እንጂ አልተቀመጡበትም። ማንም አልተቀመጠበትም። ከቤታችን ወደ መንገድ የሚያወጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ በዳር ደርድረን ነበር፤ በእሱ እንዞራለን። ትልቋ ልጄ አንድ ቀን ጓደኛዋ ጋ ለመድረስ ቸኩላ በመሐል ሮጠች። በአርጩሜ እግሯን ገረፍኳት። ከዚያ በኋላ ሣሩ ጫፍ ስትደርስ እሳት እንዳየች ትዞራለች። እኔም ጨዋ ልጅ አሳደግሁ ብዬ ለሰው አወራሁ።

ጥፋቱ የተሠራው በግንቦት ነው። የዚያ አገር ሰው ሁሉ ክረምት ሳይገባ ከቤቱ ፊት ቦይ ይቆፍራል፤ ከመንገድ የሚወርደውን ጎርፍ በጎን አዙሮ ወደ ወንዝ የሚሰድ። የእኛም ነበረን። ግን ሣሩን መሐል ለመሐል ለሁለት ይከፍለዋል። የፈረንጁ ሣር እንደ አንድ ሸማ የተነጠፈ ነው፤ የኔ ደግሞ እንደ ተቀደደ። ዓይኔን ይወጋኛል። ባለቤቴ ሥራ በዋሉበት አፈር በቅርጫት አግዤ ቦዩን ደፈንኩት፤ ከዳር ሣር ከነሥሩ እያነሣሁ ላዩን አለበስኩት።

እትዬ ከላይ ሆነው ሲያዩ ቆዩና፣ «አንቺ ልጅ፣ የውሃውን መንገድ ምን አደረግሽው?» አሉኝ።

«ደፈንኩታ።»

«በየት ይሂድ?»

«ጎበዝ ከሆነ ይፈልግ።»

«ጎበዝማ ነው። ፈርቼልሽ ነው እኮ፤ ልጆች አሉሽ።»

ቀናች ብዬ አሰብኩ። አንቱ የምላቸውን ሴት በልቤ አንቺ አልኳቸው፣ ቀናች።

ባለቤቴ ማታ መጥተው ቆሙ። አዩት። ቦይ እንደሚያስፈልግ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ፤ ሥራቸው ነው። ግን አማረ። ከዳር እስከ ዳር አንድ አረንጓዴ ሆኖ አማረ። «ሰኔ ሲገባ እከፍተዋለሁ» አሉ። ሰኔ ገባ። «ዝናቡ ይበርታና» አሉ። ሐምሌም ገባ። አንዳችንም ዶማ አላነሣንም። ሰው መንገዱ ላይ እየቆመ ያደንቅ ነበር።

ውሃው መንገዱን አገኘ፤ ከሣሩ ሥር። ሁለት ወር ሙሉ ማንም ሳያየው አፈሩን ሲጠጣ፣ ሣሩ ከላይ ሆኖ እንደዚያ ክረምት ለምልሞ አያውቅም።

እንግዲህ ያ ቀን። እንዝርቱን ጥዬ ጓዳ ገባሁ። ትንሿን ከነመኝታዋ አነሣሁና በነጠላ ጀርባዬ ላይ አሰርኳት። የጓዳው ግድግዳ ከጣሪያው ተላቆ ሰማይ ይታያል። ከቤቱ ሆድ የጨርቅ መቀደድ የሚመስል ድምፅ ይመጣል። ትልቋን በክንዷ ይዤ ወጣሁ። በዳር ያለው የድንጋይ መሄጃ የለም፤ ቡናማ ጎርፍ ይዞት ወርዷል። መውጫው በሣሩ መሐል ብቻ ነው።

«ሩጪ» አልኳት።

ልጄ ሣሩ ጫፍ ላይ ቀጥ አለች።

«ሩጪ እኮ ነው የምልሽ!»

«እማዬ፣ ሣሩ ነው።»

«እርገጪው!»

እኔን አየችኝ፤ እጄን አየች፤ አርጩሜ እንደያዝኩ ሁሉ። «ትመቺኛለሽ» አለች። ምድር ከሥራችን እየሄደች ልጄ የፈራችው እኔን ነው። እንደዚያን ቅጽበት ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

ተንበረከክሁ። ሣሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ከነአፈሩ ነቀልኩና ፊት ለፊቷ ወረወርኩት። እንደገና ነቀልኩ። «ይኸው፣ እኔም አበላሸሁት! የኔ ዓለም፣ ነይ አብረን እናበላሸው!» አልኳት። እያለቀስኩ ነው። ያን ጊዜ እግሯን አነሣች፤ መጀመሪያ በጣቷ ጫፍ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ እጇን ስጎትታት ሮጠች።

ስንጥቁ ጋ ስንደርስ ክንድ ሆኗል። እትዬ ከላይ ጩኸቴን ሰምተው ወርደው፣ ከወዲያኛው ዳር ጭቃው ላይ በሆዳቸው ተኝተዋል። ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል።

«ልጅቷን አምጫት! ወደኔ ወርውሪያት!»

«እትዬ፣ ይዘዋታል?»

«ያዝኳት፣ ያዝኳት! አሁን አንቺ! ቁልቁል አትዪ፣ እኔን እዪ!»

ዘለልኩ። አንዱ እግሬ ዳር ያዘ፣ አንዱ ተንጠለጠለ። እትዬ መቀነቴን አንቀው ሳቡኝ፤ ትንሿ ጀርባዬ ላይ ነቅታ ታለቅሳለች። ልቅሶዋ ደስ አለኝ። በእጅ በእግራችን እየዳህን መንገዱ ላይ ወጣን። ዞር ስል ቤቱ ጎንበስ አለ፤ ሰው እንደሚጎነብሰው ነው። ጓዳው መጀመሪያ ሄደ፣ ቆርቆሮው ተከተለ። ከሣሩ ግማሹ፣ አረንጓዴ እንደሆነ፣ እኔ ከነቀልኩት በቀር አንዲት ቅጠል ሳትዛባ፣ እንደ ምንጣፍ ተስቦ ወረደ።

እትዬ ቤታቸው አስገቡን። የልጆቼን እርጥብ ልብስ አውልቀው ከሚሸጡት አቡጀዲ ቀደው ጠቀለሏቸው። እኔ አሁንም ቆሜአለሁ።

«እትዬ፣ ቀናች ብዬዎት ነበር» አልኳቸው።

«መች?»

«በግንቦት። በልቤ።»

«ቀንቼም ነበር እኮ» አሉ፤ የልጄን ፀጉር እያደረቁ። «አብሽሪ፣ ተቀመጪ።»

ባለቤቴ ወሬው ደርሷቸው ከሥራ ቦታቸው ድረስ ሮጠው መጡ። መጀመሪያ ገደሉ አፍ ላይ ቆመው ስማችንን ሲጠሩ ሰማኋቸው፤ የሴት ልጆቻቸውን ስም፣ የእኔን ስም፣ እንደ ሙሾ። እትዬ ናቸው ወጥተው የጠሯቸው። በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ። ከልጅ ወደ ልጅ ያያሉ፤ ይቆጥራሉ፤ ደግመው ይቆጥራሉ።

«ቤቱ ሄዷል» አልኳቸው። «እኛ ግን አለን። ሦስታችንም እዚህ ነን፤ ምንም አልሆንንም። ድነናል።»