ማር የማይቀምሰው የንብ አናቢ ልጅ

ነገሩን መጀመሪያ ያመጣችልኝ ጎረቤቴ ድንቄ ናት። «ጫልቱ እኮ አንድ ልጇን ማር ትነፍገዋለች፤ ያውም ባሏ ኦቦ ጉደታ ሰባት ቀፎ ይዘው!» አለችኝ። ሰበታ ውስጥ ልጁን ማር የሚነፍግ ንብ አናቢ ሰምቼ ስለማላውቅ እኔም ጉድ አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ጫልቱ ገበያ ስትሄድ የሦስት ዓመቱን ቶሎሳን እኔ ዘንድ ተወችው። «እትዬ፣ ከእንጀራና ከወተት በቀር ምንም እንዳያቀምሱት። ማርማ በፍጹም! ሰውነቱ ጣፋጭ አይችልም ብሎ ሐኪሙ አጥብቆ ከልክሎናል፤ አደራ።»

«ሐኪም ደግሞ ከማር ምን አጣላው?» ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ዞር እንዳለች ብርዝ በጥብጬ አቀረብኩለት። ልጁ ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን አዞረ። ስላላስለመዱት ነው ብዬ አባብዬ አባብዬ ግማሽ ስኒ አጠጣሁት። ብዙም ሳይቆይ ያስመልሰው ጀመር፤ ላብ አጠመቀው፤ አንገቱ ክንዴ ላይ እንደ ጨርቅ ዛለ።

ጫልቱ ስትደርስ ቅርጫቷን ጣለች። «እትዬ፣ ምን አቀመሱት?»

«ኧረ ምንም! ወተት ብቻ።»

«ወተት ብቻ ከሆነ ጠበል ልውሰደው፤ ማር ከሆነ ግን ሐኪም ቤት ነው። ይንገሩኝ፣ ልጄ እየሄደብኝ ነው!»

አገር ምን ይለኛል አልኩ። የልጁ እጅ ግን እጄ ውስጥ እንደ በረዶ ቀዘቀዘ።

«ብርዝ ነው» አልኳት።

ቶሎሳ ሐኪም ቤት ሰንብቶ ዳነ፤ ዛሬ ተማሪ ነው። ኦቦ ጉደታ ቀፎዎቹን ሸጠው በግ ገዙ። እኔ ዘንድ ከዚያ ወዲህ ልጁን የተወ ሰው የለም። ጫልቱ ገበያ ስትሄድ ቶሎሳን ድንቄ ዘንድ ትተወዋለች።