ዳማከሴው ሽታውን አላጣም ነበር

ሕመሜ የጀመረው በራስ ምታት ሳይሆን በዳማከሴ ቅጠል ነው። አቃቂ በሰቃ ባለው ጓሮዬ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ዳማከሴ አለማ ነበር። ምች የመታው ሰው ያለበት ጎረቤት ሁሉ ቅጠል ፍለጋ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም ቅጠሉን በጣቶቼ አሽቼ ሳላሸትት ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። አንድ ጠዋት አሸሁት። ምንም አልሸተተኝም።

ጥፋቱን የተክሉ አደረግሁት። በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምሬ ዕድሜዬን በፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ያሳለፍሁ ሰው ነኝና ወዲያው የጠረጠርሁት ጓሮውን የማጠጣበትን፣ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበትን የወንዝ ውሃ ነው። በቧንቧ ውሃ ማጠጣት ጀመርሁ። አፈሩን ለወጥሁ። ከእናቱ ግንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፌ፣ በጥላ ሥር አዲስ ተከልሁ። አዲሶቹም ለመለሙ። እነርሱም አልሸተቱኝም።

አጠገባችን ሱቅ ያላት ዘይነባ ለታመመ ልጇ ቅጠል ልትወስድ መጣች። «ይህ ተክል ተበላሽቷል፤ አይጠቅምሽም» አልኋት።

«ኧረ ጋሼ! እኔ እኮ ገና በሩን ሳልፍ ነው የሸተተኝ» አለች። «አፍንጫዎም አብሮዎት ጡረታ ወጣ እንዴ?»

ባለቤቴ አልማዝ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ገብቼ ሳሙና አሸተትሁ። ቀጥሎ ነጭ ጋዝ። ምንም።

የመጀመሪያው ሐኪም ሳይነስ ነው ብሎ የአፍንጫ ጠብታ ሰጠኝ። ጠብታው ሳያልቅ ራስ ምታት መጣ፤ ጎንበስ ስል ግንባሬን የሚጫን። አልማዝ ምች ነው ብላ ዳማከሴውን እየጨመቀች ግንባሬን ታሸኝ ነበር። ቅዝቃዜው ያሳርፈኝ ነበር። በዚያ ዕረፍት ተታልዬ ወራት አሳለፍሁ። አንድ ቀን ቀኝ ዓይኔን ሸፍኜ በግራው ብቻ ስመለከት አጥሩ በጭጋግ ውስጥ ሆኖ ታየኝ።

ያኔ የቀላል ባቡሩ መስመር ወደ ቃሊቲ ገና እየተዘረጋ ነበር። መንገዱ ተቆፍሮ ታክሲው ሲዞር፣ አልማዝ እስከ ሐኪም ቤቱ ድረስ እጄን አልለቀቀችም።

ሁለተኛዋ ሐኪም ዓይኔን በመሣሪያ አይታ የጭንቅላት ሲቲ ስካን አዘዘች። ውጤቱ ሲደርስ አልማዝም እንድትገባ አስጠራቻት። ያን ጊዜ ፈራሁ።

«አባባ፣ ከፊት በኩል ከአንጎልዎ ሥር ዕጢ አለ። ሜኒንጂዮማ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ግን የማሽተቻውን ነርቭ ተጭኖታል፤ አሁን ወደ ዓይን ነርቭ እየገፋ ነው።»

«ቢተውስ?» አልኋት።

«ዓይንዎን ይወስዳል። ጠባይዎንም ሊለውጠው ይችላል።»

መታወር አስፈራኝ። ይኸኛው ግን ባሰ። የእኔን ልብስ ለብሶ አልማዝ ላይ የሚጮህ ሌላ ሰው ታየኝ። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮዬ እስኪደርስ በየጠዋቱ ራሴን እፈትን ነበር፦ የልጆቼን ስም፣ የንጥረ ነገሮችን ተርታ። አንዱ ሲጠፋኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ቀኑ ደረሰ። ጠጉሬን ተላጨሁ። ፈረምሁ። ከዚያ ጨለማ።

ስነቃ «አልማዝ» አልሁ። አለቀሰች።

«ዕጢው ወጥቷል» አለኝ ቀዶ ሐኪሙ። «የግራውን የማሽተቻ ነርቭ ማዳን አልቻልንም። የቀኙ አለ፤ ይሠራል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

ቤቴ ስመለስ፣ ቅጠሉ እንዳይደክም የአበባውን ጫፍ ሁልጊዜ እቀነጥበው የነበረው ዳማከሴ ጠባቂ አጥቶ በነጫጭ አበባ ተሸፍኖ፣ ንቦች ሰፍረውበት አገኘሁት፤ አልማዝም በየጠዋቱ ከበረንዳው ላይ አስቀምጣኝ አንድ ቅጠል እያሸች በቀኝ አፍንጫዬ ሥር ትይዝና ፊት ፊቴን ታይ ነበር፤ እኔም እንዳይከፋት «ነገ ይሆናል» እላት ነበር። ክረምቱ ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ቅጠሉን ገና ሳታቀርበው፣ አንገቴን ወደ እጇ አዞርሁ።

«ምነው?» አለችኝ።

«ሸተተኝ።»

ሐኪሞቼን፣ አልማዝን፣ በቀልዷ ያነቃችኝን ዘይነባንም አመሰግናለሁ። ይህን የምታነቡ ሕሙማን ሆይ፣ አንዱን አፍንጫችሁን ይዛችሁ በሌላው አሽትቱ፤ ከዚያም ለውጡ። ጉንፋን ሳይኖር ሽታ ጠፍቶ ከቀረ ዓይናችሁንና ጭንቅላታችሁን አስመርምሩ። ዳማከሴን አልነቅፍም፤ ዛሬም ለጎረቤት እሰጣለሁ። የማይለቅ ራስ ምታት ያለበት ሰው ሲጠይቀኝ ግን መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሂድ እለዋለሁ።

ዕጢው ሊመለስ እንደሚችል ተነግሮኛል፤ ስለዚህም በየጊዜው እመረመራለሁ። ከመኝታዬ ስነሳ ቀድሜ የምሄደው ወደ አጥሩ ነው። ቅጠሉን አሽቼ ወደ ቀኝ አፍንጫዬ እስካደርሰው ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ።